ውሻ ማሳደግ የስንት ዓመት ሥራ ነው?

በሬ ልንገዛ ስንነሳ ስንት ጊዜ እንመክራለን! ገበያ ወጥተን ጥርሱን እናያለን፤ ሸሆናውን እናያለን፤ የሚያውቅ ጎረቤት ይዘን ሄደን አስተያየቱን እንጠይቃለን። የቤት እመቤቷም ትጠየቃለች። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ጭዱ ለስንት ወር እንደሚበቃ፣ ማን እንደሚጠብቀው ሁሉ ይታሰባል። የቡችላ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ውሎ ሲመለስ ከጋቢው ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። «ምንድነው እሱ?» ሲሉት አውጥቶ ያሳያል። «እነ እገሌ ቤት ውሻዋ ወልዳ ሰጡኝ» ይላል። እናት ትቆጣለች፤ አባት ይስቃል። ሲመሽ ቡችላው ምድጃ ዳር ተኝቷል። በቃ፣ ውሻ ገባ ማለት ነው። ምክሩም ክርክሩም ይኸው ነው።

ገንዘብ ስላልተከፈለበት ይሆናል ማንም አይመክርበትም። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። ውሻ በደህና ከተያዘ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራል። ልጃችን አንደኛ ክፍል የገባ ዕለት የመጣ ቡችላ፣ ልጁ 12ኛ ክፍል ሲጨርስ ገና በራፍ ላይ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ሁሉ ዘመን በየቀኑ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ይታመማል፤ ያረጃል። ሴት ከሆነች ደግሞ ትወልዳለች። ልጁ አድጎ ወደ ከተማ ቢሄድም ውሻው ከቤት ነው። እንግዲህ ያ ምድጃ ዳር የተኛው ቡችላ የአሥር ዓመት ሥራ ይዞ ነው የገባው።

ይህን ስንል ውሻ ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ከቤት እንስሳት ሁሉ ቀድሞ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው ውሻ ነው። ተመራማሪዎች ከመሬት ቆፍረው ካወጡት አጥንት እንደተረዱት፣ ውሻና ሰው አብረው መኖር ከጀመሩ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል። በሬውም፣ በጉም፣ ዶሮውም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የምናስተምርበት አገር ደጋ ነው፤ ገብስና በግ የሚበዛበት፣ ሌሊቱ ብርድ የሆነበት አገር። ሌሊት ጅብ በረቱን ሲዞር ቀድሞ የሚሰማው ውሻ ነው። ለሰው የሚጮኸው ጩኸትና ለጅብ የሚጮኸው ጩኸት አንድ አይደለም። ይህን የነገሩን ያደርንበት ቤት አባወራ ናቸው። «ስሙ እንግዲህ፣ ይሄ የመንገደኛ ነው» ይሉናል ተኝተው ሳለ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ዱላቸውን ይዘው ብድግ ይላሉ፤ ያኔ ጅብ ነው። አሁን አሁን እኛም መለየት ጀምረናል።

ውሻው እንዲህ የሚጠብቀው ለምንድነው? ቤቱን ቤቴ ስለሚል ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ያልበላበት ቤት ቤቱ አይደለም። ቀን ምግብ ያጣ ውሻ ሌሊት በበረቱ ዙሪያ አይገኝም። ጥንብ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ያድራል፤ ከሌላ ውሻ ጋር ይናከሳል፤ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል መብላት ይለምዳል። አንዴ ግልገል የቀመሰ ውሻ ደግሞ ከጅብ የባሰ ነው፤ ጅቡ በሌሊት ብቻ ይመጣል፤ እሱ ግን ቀንም አብሮን ነው የሚውለው። «ጠባቂ አለኝ» ብለን የምንመካበት ውሻ እንዲህ ከሆነ የጠባቂነቱ ነገር አበቃ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተዘጋ ነው፤ የሚገለጠው በሁለተኛው ሳምንት ግድም ነው። ከእናቱ መለየት የሚገባው ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት የተወሰደ ቡችላ ደካማ ይሆናል፤ ወተቱን ሳይጠግብ ነውና ቶሎ ይታመማል። ሌላም ነገር አለ። ቡችሎች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ይናከሳሉ። አንዱ ጠንክሮ ሲነክስ ሌላው ይጮኽና ጨዋታው ይቆማል። የንክሻን ልክ የሚማሩት በዚህ ነው። ይህን ሳይማር የመጣ ቡችላ ሲያድግ የልጆችን እጅ የሚይዘው እንደ አጥንት ነው። ስለዚህ ልጁ በሦስት ሳምንቱ ይዞት ቢመጣ «መልሰህ ለእናቱ ስጥ፤ ጊዜው ሲደርስ እንወስደዋለን» ማለት ነው።

ጆሮውን ከቆረጡት ኃይለኛ ይሆናል የሚሉ አሉ። ይህ ከንቱ ነገር ነው። ጆሮው ቆሰለ፣ ዝንብ ወረረው፣ እሱም የሰውን እጅ ፈራ፤ ሌላ የተገኘ ትርፍ የለም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ማሰርም እንዲሁ ነው። ከንጋት እስከ ማታ ታስሮ የዋለ ውሻ ጠባቂ ሳይሆን ተናካሽ ይሆናል፤ የሚነክሰውም ሌባውን ብቻ አይደለም፤ ገመዱ የተበጠሰ ዕለት እሳት ልትጭር የመጣችውን የጎረቤት ልጅ ነው። ማሰር ካስፈለገ በረጅም ገመድ፣ ጥላ ባለበት፣ ውሃ አጠገቡ አድርጎ ነው፤ ማታ ደግሞ ይፈታል።

ስለ ምግቡ ብዙ አንልም። ከቤተሰቡ ማዕድ የተረፈ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ቅንጬ፣ አጥንት ይበቃዋል፤ ዋናው በየቀኑ ማግኘቱ ነው። የሚረሳው ውሃው ነው። ለከብት ወንዝ እንነዳለን፤ ለውሻ ግን ማን ያስታውሳል? አንድ ስባሪ ገል በራፍ ላይ ማስቀመጥና ጠዋት ጠዋት ውሃ መሙላት ነው።

አሁን አንድ ትልቅ ነገር እናንሳ። በግ አርቢ ሁሉ አዙሪትን ያውቃል። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያጣምማል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፤ ይዞራል። ዓይኑ ያያል ሲሉት ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። ከመንጋው ተነጥሎ ይቀራል፤ ሣር መጋጥ ይተዋል፤ ይከሳል፤ በመጨረሻም ይታረዳል ወይም ይሞታል። ጭንቅላቱ ሲፈለጥ አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ይገኛል። ይህን ያየ ብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ይህ ፊኛ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ፣ አንዱ ከብርድ ነው አለን፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለን፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ከላይ የመጣ ነው፤ እኛ ምን እናውቃለን?» አሉን።

ከላይ የመጣ አይደለም፤ ከውሻው የመጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በፊኛው ውስጥ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች የኮሶ ትል ዓይነት ጫጩቶች ናቸው። በአዙሪት የታመመውን በግ አርደን ጭንቅላቱን ጥሬውን ለውሻ ስንጥልለት፣ ውሻው ትሉን ይውጣል። ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ ይረዝማል፤ እንቁላል ይጥላል። ውሻው ግን የታመመ አይመስልም፤ ይበላል፤ ይጮኻል፤ ይሮጣል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ውሻው ግጦሹ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሣሩ ጋር ይቀራል። በጎች ሣሩን ይግጣሉ። እንቁላሉ በበጉ ሆድ ይፈለፈላል፤ በደም አድርጎ ወደ አንጎል ይወጣል፤ እዚያ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ እንደገና አዙሪት፣ እንደገና መታረድ፣ እንደገና ጭንቅላቱ ለውሻ። ከበግ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ በግ፤ አዙሪቱ የበጉ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ባስተማርንበት ማታ አንዲት እናት ከወደ ኋላ ሆነው «ታዲያ ጭንቅላቱን ምን ላድርገው? ልጣለው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መጣል አይበቃም፤ የተጣለውን ውሻ ያገኘዋልና። ወይ አጥልቆ መቅበር ነው፤ ወይ ማቃጠል ነው፤ ወይም ደግሞ በደንብ ቀቅሎ መስጠት ነው። ፈልቶ የበሰለ ነገር ትሉን አይዝም። ጥሬ አንጎል ካልሰጠነው ውሻው ትሉን አያገኝም፤ ውሻው ትሉን ካላገኘ ግጦሹ ይነጻል። በተጨማሪም የእንስሳት ሐኪም የውሻ የትል መድኃኒት አለው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ መስጠት ነው። ይህ እንግዲህ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይሆንም። እኔ ጭንቅላቱን ብቀብር፣ ጎረቤቴ ጥሬውን ቢጥል፣ በጎቻችን የሚግጡት አንድ ሜዳ ላይ ነው።

የሳንባውና የጉበቱ ነገርም ከዚህ ይዛመዳል። በግ ወይም ከብት ስናርድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ እናገኛለን። «ይህ ለሰው አይሆንም» ብለን ለውሻ እንጥላለን። ይህኛው ትል ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚብሰው በሰውም ላይ ስለሚመጣ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ጸጉር ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል። ከዚያ በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ እባጩ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል። ሰውየው በልጅነቱ የገባበትን ነገር ጎልማሳ ሆኖ ይታመምበታል፤ አንዳንዱም በቀዶ ሕክምና ካልወጣለት አይድንም። ስለዚህ እባጭ ያለበት ሳንባና ጉበት ይቀበር። ልጆች ከውሻ ጋር ተጫውተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ እንጀራው እንዳይመጡ። ውሻም ከሰው ዕቃ አይብላ፤ የራሱ ገል ይኑረው።

ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ከምናስተምርበት መንደር ማዶ ባለው ቀበሌ የሆነ ነው። አንድ ሰው ውሻዋ ስድስት ወለደችበት። ወንዶቹን የሚወስድ ተገኘ። ሴቶቹን ማንም አልፈለገም። በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ወስዶ ገደል አፋፍ ላይ ጣላቸው። አንዷ ግን አልሞተችም፤ ከርማ፣ ጥንብ እየበላች፣ ከባዘኑ ውሾች ጋር እየዞረች አደገች። አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት እረኛ አገኛት። የከሳች ትንሽ ውሻ ናት፤ አሳዘነችው። ቆሎ ሊሰጣት እጁን ሲዘረጋ ጣቱን ነከሰችው። ትንሽ ጭረት ነው፤ ደሙም ብዙ አልነበረም። ልጁ ለቤተሰቡ አልተናገረም። ለምን? «ውሻ ማን ንካ አለህ?» ተብሎ እንዳይገረፍ ፈርቶ ነው። ቁስሉ በሳምንቱ ደረቀ። ከሁለት ወር በኋላ ጣቱን ያሳክከው ጀመር። ከዚያ ትኩሳት መጣ። ከዚያ ውሃ ሲሰጡት ጉሮሮው እየተያዘ መዋጥ አቃተው፤ ውሃውን ሲያይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያኔ ለታላቅ እህቱ የውሻዋን ነገር ነገራት። ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ።

ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻ የሚያብደው በፀሐይ አይደለም፤ በጥማትም፣ በረሃብም፣ በጨረቃም አይደለም። በጣም ጥቃቅን በሆነ ቫይረስ በሚባል የበሽታ ዘር ነው። የበሽታው ዘር የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው፤ የሚተላለፈውም በንክሻ ነው፤ የቆሰለ ቆዳ ሲልስም ሊተላለፍ ይችላል። «ቡችላ አያብድም» የሚባለው ውሸት ነው። ድመትም፣ ላምም፣ አህያም፣ ቀበሮም ይይዛቸዋል። ሆኖም በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ከ100 እጅ 99 እጁ የሚመጣው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ደግሞ ከ10ሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ምልክቱ ጠባይ መለወጥ ነው። ጨዋ የነበረው ውሻ ጌታውን ሳይቀር ይነክሳል፤ ኃይለኛ የነበረው ደግሞ ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል። ድምፁ ይሻክራል። መንጋጋው ይወልቃል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል። ሰው አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ከአፉ ይከታል፤ ይህ በጣም አደገኛ ነው። እንጨቱንም ድንጋዩንም ይነክሳል፤ ያለ መድረሻ ይሄዳል። ይህ ምልክት ከታየበት ውሻው ብዙ ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል።

የበሽታው ተንኮል ቁስሉ መዳኑ ነው። የበሽታው ዘር በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስድበታል፤ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ንክሻው ፊት ወይም ራስ ላይ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። አንጎል ከደረሰና ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ይድናል። ልዩነቱ ይህች ጊዜ ናት።

ስለዚህ ሰው የተነከሰ እንደሆነ፣ ጭረትም ቢሆን፣ እዚያው ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ ነው። ለስንት ጊዜ? ለሩብ ሰዓት፣ ማለት ለ15 ደቂቃ። ሰዓት ለሌለው፣ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪጣድ ያህል ነው። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። ሳሙና ከጠፋ በውሃው ብቻ ማጠብ ከመተው ይሻላል። ቅቤ መቀባት፣ የቡና ዱቄት መነስነስ፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር አያስፈልግም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ ተወግተው የሚቀሩት አይደለም፤ ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ እየተመላለሱ መጨረስ ያስፈልጋል። «ደህና ነኝ፣ ምን አመላለሰኝ?» ብሎ በመሐል ማቋረጥ ያልተወጉ ያህል ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አዝመራው ደርሷል፤ የበቅሎ ኪራይ አለ፤ ይህን ሁሉ እናውቃለን። ቢሆንም አይቅር። ሥር ምሰው፣ ቅጠል ጨምቀው የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂዎች በየአገሩ አሉ፤ ጠበል የሚሄድም አለ። እኛ ማንንም ከጠበሉ አንከለክልም። የምንለው መርፌው ይቅደም ነው።

የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለውና ማሰር ከተቻለ፣ ቸኩሎ ከመግደል ታስሮ ለ10 ቀን ቢታይ መልካም ነው። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ሕክምናው ግን 10 ቀን ተጠብቆ አይጀመርም፤ ዛሬውኑ ይጀመራል። ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር በብርቱ እንላለን፤ ውሻ ነከሰኝ ያለ ልጅ አይገረፍ፤ አይሰደብም። የተገረፈ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

ለዚህ በሽታ መከላከያ የተገኘው ትናንት አይደለም። ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 እብድ ውሻ የነከሰውን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስወግቶ አድኖታል። በእኛም አገር በሽታው የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደነበረ ተጽፎ ይገኛል። የፓስተሩ ልጅና የማዶው እረኛ በዕድሜ እኩያ ናቸው። በመካከላቸው ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ አለ፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ጊዜ ገና አዲስ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነበር።

ከሁሉ የሚቀለው ውሻውን ማስከተብ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ። የእንስሳት ሐኪሙ ለክትባት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከብቶቹን ነድተን እናመጣለን፤ ውሻውን ግን ከቤት እንተወዋለን። «ውሻ ደግሞ መርፌ?» እያሉ የሚስቁም አሉ። በአንድ አካባቢ ካሉት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት አጥቶ ይቆማል። ስለዚህ ክትባቱ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ውሻ ሲከተብ የጎረቤቴ ልጅም ይጠበቃል።

ወደዚያች ገደል ወደተጣለችው እንመለስ። ሰው ሁሉ የባዘነች ውሻ፣ ባለቤት የሌላት ይላታል። ባለቤት ግን ነበራት። እናትዋን ያሳደገ ሰው ነበር። ሴት ውሻ የያዘ ሰው ይህን ሒሳብ ማወቅ አለበት። አንዲት ውሻ አርግዛ የምትወልደው በ63 ቀን ግድም ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በአንድ ጊዜ አምስት ብትወልድ በዓመት አሥር ይሆናል። ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ በሚመጣው ዓመት አምስቱም ይወልዳሉ። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አብረን ስንደምር ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ይህን ሁሉ ቡችላ የሚወስድ መንደር የለም። በገበያ መንገድ ላይ በሌሊት መጣል፣ ገደል መክተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በሬ ይኮላሻል፤ ሙክት ይኮላሻል። ወንዱንም ውሻ ሴቷንም የእንስሳት ሐኪም እንዳይወልዱ ሊያደርጋቸው ይችላል። የሴቷ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራ ስለሆነ ሐኪም ብቻ ነው የሚሠራው፤ በየወረዳውም ላይገኝ ይችላል። ሐኪሙ ካልተገኘ፣ ውሻዋ ወንድ የምትፈልግበት ወራት ሲመጣ ሦስት ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ ዘግቶ መጠበቅ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ስድስት ቡችላ በከረጢት ይዞ ገደል ከመሄድ ይቀላል።

የባዘነ ውሻ ጉዳት ከሰውና ከበግ አልፎ ይሄዳል። በመንዝ ጓሳና በባሌ ተራሮች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ይህ አውሬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኝም፤ የቀረውም ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ በኋላም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ የሚሻገረው ከመንደር ውሾች ነው። እረኛ ወደ ላይኛው ግጦሽ ሲወጣ ውሻው ይከተላል፤ ያልተከተበው ውሻ በሽታውን ይዞ ይወጣል። ጓሳን ያህል ግጦሽ ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሕግ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ ውሻውን ማስከተብ አያቅተውም ብለን እናምናለን።

ስለ ድመት በአጭሩ። ድመትም ታብዳለችና ትከተብ። አይጥ እንድትይዝ በረሃብ ማቆየት አያስፈልግም፤ የጠገበችም ድመት ታድናለች። የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ድመቱን ያጣል፤ መርዝ የበላችውን አይጥ ትበላለችና።

መጨረሻ ላይ እርጅና ይመጣል። ውሻ አሥር ዓመት ሲያልፈው ጥርሱ ያልቃል፤ ጆሮው ይደክማል፤ የጅብ ድምፅ አይሰማም። በዚህ ጊዜ ነው ብዙ ውሻ ከቤት የሚባረረው። «ምን ይሠራልኛል?» ይባላል። ያደርንበት ቤት አባወራ አንድ እንዲህ ያለ ውሻ አላቸው፤ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ሌላ ወጣት ውሻ ደግሞ አለ። ለምን ሁለት እንደሚይዙ ስንጠይቃቸው፣ «ይሄ ልጁ ያ ሽማግሌው ሲጮኽ እያየ ነው የተማረው፤ አሁን ባባርረው ለልጁ ምን አስተማርኩት?» አሉን። ሽማግሌውን እንጀራውን በውሃ እያራሱ ያበሉታል። ታሞ የሚሰቃይ፣ መዳን የማይችል ውሻ ሲሆን ግን ለእንስሳት ሐኪም ማማከር ነው፤ ጫካ ወስዶ አስሮ መተው የጭካኔ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። መጻፍ የተማርን ሰዎች ደብተር አለን፤ የውሻውን ነገር እዚያ እንጻፈው። ማን እንደሚያበላው፣ መቼ እንደተከተበ፣ የትል መድኃኒት መቼ እንደተሰጠው። «አምና ነው፣ ካቻምና ነው?» ማለት ይቀራል። ያቺ የጭንቅላቱን ነገር የጠየቁን እናት በማግሥቱ ደብተራቸውን ይዘው መጡና አሳዩን። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጽፈዋል፦

«መቻል። ወንድ ውሻ ነው። የተወለደ መስከረም 2016። የመጣ ኅዳር 2016። መርፌ ጥር 2016። መርፌ ጥር 2017።»

ከዚያ በታች እያንዳንዱ «መርፌ ጥር» የሚል ቃል የተጻፈበት፣ ዓመቱ ብቻ ያልተሞላ መስመር አስምረዋል። ብንቆጥረው አሥር መስመር ነው።